አራት ጎማ ለእታፈራሁ

ሽቱትጋርት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ ለአቶ ካሳሁን፣

ከጾሙ ወደ ፍስኩ በሰላም ያሸጋገረዎ ጌታ ቀሪውንም ዘመን እንዲሁ በሰላም ያሸጋግርዎ። እኔ ደህና ነኝ። ፋሲካን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በድንችና በዳቦ ፈታሁት፤ ለእማዬ ግን ዶሮ በልቻለሁ ብያታለሁና አደራ እንዳያጋልጡኝ።

ትናንት ደውዬላት ነበር። እንደ ልማዷ “ደህና ነኝ” ከማለት በቀር ምንም አልጨመረችልኝ። ስለ ስኳር ሕመሟ ስጠይቃት ስለ በጉ ስብ ታወራልኛለች። ጆሮዎ በኮምፕሬሰሩና በመዶሻው ባይደክም ኖሮ ስልኩን ለእርስዎ እንድታቀብልልኝ አደርግ ነበር። አሁን የሚያዋጣን ደብዳቤ ነው። እንደ ወትሮው ለፎቶ ቤቱ ለሰለሞን በቴሌግራም ልኬለታለሁ፣ አትሞ ይሰጥዎታል፤ መልስዎንም ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። ያነበዋል ብለው አይስጉ። ቢያነብም ለመርሳ ሰው ሁሉ ከመንገር አያልፍም።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። ያለሁበት ፋብሪካ ለፈጣን መኪናዎች ጎማ የሚለብሰውን ቸርኬ ይሠራል። ቸርኬው ብረት አይደለም፣ አልሙኒየምም አይደለም፤ ካርቦን ነው። ከጸጉር የቀጠነ ጥቁር ክር እንደ ሸማ ይሸመናል፣ በሙጫ ይነከርና በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጋገራል። ሲወጣ እኔ እንኳ በአንድ እጄ አነሣዋለሁ። አለቃዬ አሁን አንድ ነገር መዝነሽ ጻፊ ብሎኛል፦ ይህ ቸርኬ ከውድድር ሜዳ ወጥቶ ሰው በየዕለቱ በሚነዳው ፈጣን መኪና ላይ ይዋል ወይስ ተቀጥቅጦ የተሠራው አልሙኒየም ይሻላል?

ጥቅሙን አውቀዋለሁ። ጎማና ቸርኬ መኪናውን ከሚሸከመው ሞላ በታች ያለ ክብደት ነው፤ እዚያ ላይ የቀነሰ ኪሎ ከመኪናው ሌላ አካል ላይ ከሚቀነሰው ይበልጥ ይሰማል። መኪናው ፈጥኖ ይነሣል፣ ፈጥኖ ይቆማል፣ ለመሪው ይታዘዛል። ጉዳቱን ግን ከእርስዎ መስማት አማረኝ። ልጅ ሳለሁ ሱቅዎ በር ላይ ተቀምጬ ቸርኬ ሲያቃኑ ማየቴ ነው እዚህ ያደረሰኝ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ቸርኬ እንዴት ነው የሚሞተው?

የእማዬንም እውነቱን ይጻፉልኝ። እሷ አትነግረኝም።

ልጅዎ ፍሬሕይወት


መርሳ፣ ግንቦት 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሕይወት፣

የዛሬው ባለቀን ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ በሰው አገር የምትረግጪውን መሬት ያለስልስልሽ። በዓል ስለሆነ ሱቄን አልከፈትኩም፣ እንደ ደህና ሰው ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ጉድ አድርገሽኛል። ሰለሞን ደብዳቤሽን አትሞ እስኪሰጠኝ ድረስ “ካርቦን ማለት ከሰል ነው” ብሎ ለሁለት ሰው ተናግሮ ኖሯል። እኔ ከፎቶ ቤት እስክወጣ መርሳ በሙሉ “የእታፈራሁ ልጅ ጀርመን አገር ከከሰል ጎማ ትሠራለች” እያለ ነበር። ወዳጄ አብዱልጀሊል ከግራና መንደር ለገበያ ወርዶ ነበርና “ወላሂ ካሳሁን፣ ዝናብ ሲመታው አይፈረፈርም?” ብሎ በቁም ነገር ጠየቀኝ። እናትሽ ደግሞ “አስተምሬ ልኬያት ከሰል ታከስላለች” ብላ ሁለት ቀን አኩርፋለች። እንግዲህ አንቺው አስረጃት።

ቸርኬ እንዴት እንደሚሞት ጠይቀሻል። በጉድጓድ ነው የሚሞተው፣ በሌላ በምን ይሞታል? ብረት ሲመታ ይጎብጣል። ንፋስ ያስወጣና ሹፌሩ ሊሰድበኝ ይመጣል፤ እኔም እሰድበዋለሁ፣ ከዚያ በመዶሻ አባብዬ እመልሰዋለሁ። አልሙኒየም ሲመታ ይሰነጠቃል፤ እሱንም ብየዳ ቤት የሚወስደው አይጠፋም። ያንቺ ከሰል ሲመታስ ምን ይሆናል? ይህን መልሺልኝና ከዚያ ስለ ፍጥነቱ እናወራለን። ከወልድያ ደሴ የሚመላለሱት የሚኒባስ ሹፌሮች ሲበዛ ፈጣኖች ናቸው፤ የሚጎድላቸው ፍጥነት አይደለም።

ሰሞኑን የምሠራው የወታደር መኪና ጎማ ነው። ወደ ሰሜን ሄደው የተመለሱት ልጆች ጎማው እስኪነፋ ከጥላው ሥር ቁጭ ይላሉ። ስላዩት ነገር አልጠይቃቸውም፤ እነሱም አይነግሩኝም። ጥቅምት ላይ የተጀመረው ነገር በሳምንት ያልቃል ሲባል የሰማሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ማንንም አላምንም።

ስለ እናትሽ እውነቱን ይጻፉልኝ ስላልሽ ነው የምጽፈው። ኢንሱሊኑ ከወልድያ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ ነገ ተመለሱ ይባላል። መብራት ስለሚጠፋ ማቀዝቀዣ አላመነችም፣ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ እንስራ ታስቀምጠዋለች። እግሯ ላይ ቁስል ወጥቶ አልድን ብሏታል። እንዳትነግራት ብላኝ ነበር፤ ነግሬሻለሁ።

ቢቻልሽ ለእሷ መድኃኒቱን፣ ለእኔ የዚያን ከሰል ቁራጭ ላኪልኝ። ሱቄ በር ላይ ሰቅዬው የዚህን ከተማ አፍ ልዝጋበት።

አጎትሽ ካሳሁን


ሽቱትጋርት፣ ሰኔ 28 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

የእርስዎንና የእማዬን እንቅልፍ የጠበቀ አምላክ ይመስገን። የእኔ እንቅልፍ ግን ሄዷል። ሠራዊቱ ከመቀሌ ወጣ ከተባለ ጀምሮ ስልኬን ከእጄ አላወርድም።

መድኃኒቱን አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው በበረዶ ሣጥን አድርጌ ሰጥቼዋለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ እናንተ የሚያደርሰው ሰው እስኪገኝ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦታል። የካርቦኑን ቁራጭ ከዚያው ጋር ልኬዋለሁ።

ስለጠየቁኝ ነገር፦ ያየሁትን እነግርዎታለሁ። ቸርኬውን ጎማ አልብሰን ከላዩ ከባድ ብረት እንጥልበታለን። ተቀጥቅጦ የተሠራው አልሙኒየም ይጎብጣል፤ ካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ይመልሰዋል። ምንም ሳይሆን የማይመልሰው ቀን ግን ይሰበራል፣ ወይም ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይላቀቃል። ያንን በመሣሪያ ካላዩት በዓይን አይለዩትም። በመዶሻ የሚመለስ ነገር የለውም፤ ተጥሎ ሌላ ይገዛል። ሌላው ሙቀት ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ሙጫው እንዳይለሰልስ መከላከያ ይቀባል፤ የውጫሌን ቁልቁለት ፍሬን ይዘው ለሚወርዱ ሹፌሮች አንሰጥም። እዚህ ያሉ ባልደረቦቼ ግን መንገድ ሁሉ ልሙጥ ይመስላቸዋል። እኔ ብቻ ነኝ ስመዝን ጉድጓድ የሚታየኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እማዬን ወደ ደሴ ያውጡልኝ። የአክስቷ ልጅ ፋንቱ ክፍል አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ደሴ ከገባች መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ይደርሳታል። ዲኤክስ ኮሮላዎ አሮጌ ብትሆንም ጎማዋን የሚያውቀው ጎሚስታ ይነዳታልና አልሰጋም። እባክዎ፣ ሰው ሁሉ መሸሽ ሳይጀምር በፊት።

ልጅዎ ፍሬሕይወት


መርሳ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሕይወት፣

ከሞት ከስደት የሚያወጣ አንድዬ ካንቺ አይራቅ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ደህና ናት በላት ብላኛለች፤ አልልሽም።

ከአላማጣ፣ ከቆቦ የተፈናቀለው ሰው በአስፋልቱ ይፈሳል። ወልድያ ትምህርት ቤቱ ሞልቶ አልቆ እኛ ዘንድ ደርሷል። ሐራ ባቡር ጣቢያው ሥር፣ ባቡር መጥቶበት በማያውቀው ሐዲድ ላይ ሰው ሰፍሯል አሉ።

መኪና እየተወሰደ ነው። አንዱ ለግዳጅ ብሎ ይወስዳል፣ ሌላው ቢመጣ ደግሞ ምንም ሳይል ይወስዳል። እኔ ግን መላ ዘይጃለሁ። ጎማ የሌለውን መኪና ማን ይፈልገዋል? ዲኤክሴን በክሪክ አንሥቼ አራቱንም ፈትቼ ድንጋይ ላይ አስቀምጫታለሁ። ምትክ ጎማ እንኳ አልተውኩላትም። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። በማግስቱ ግን “የእኔንም ፍታልኝ” የሚል ሹፌር በሬ ላይ ተሰልፎ ነበር። ዕድሜ ልኬን ጎማ ስገጥም ኖሬ ከተማውን ጎማ አልባ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

የእኔዎቹን አብዱልጀሊል በአህዮቹ ጭኖ ከግራና በላይ ካለው ቤቱ ወሰዳቸው። ገለባ ክምር ሥር ደብቀናቸዋል። ሚስቱ ሁሪያ ዶሮዎቼ የሚጥሉበትን ቦታ ያዛችሁብኝ ብላ ብትቆጣም ምሳ ሳታበላ አልለቀቀችንም። ማንም አያገኛቸውም።

ስለ ደሴ ጉዞ ለእናትሽ ነግሬያት ነበር። “ፍልሰታን በቤቴ ጾሜ ቆርቤ እንጂ የትም አልሄድም” ብላለች። የንስሐ አባቷ ስኳር ያለበት ሰው አይጹም ብለዋታል፤ የሚሰማ ጆሮ የት አላት? ከእኔ ጆሮ የእሷ ይብሳል። ስለዚህ ጾሙ ሲፈታ ጎማዎቹን አስመጥቼ እገጥምና ወዲያው ደሴ አደርሳታለሁ። እስከዚያ መኪናዋ ድንጋይ ላይ በሰላም ትቀመጥ።

ሰለሞን ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ነገ ወደ ደሴ ሊሄድ ነው። ከዚህ በኋላ የምትልኪውን እዚያ አትሞ በመንገደኛ ይልክልኛል። ደብዳቤያችን ይዘገይ ይሆናል፣ አትጨነቂ።

አጎትሽ ካሳሁን


ሽቱትጋርት፣ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላምታዬን በሌላ ጊዜ አሳምሬ እጽፋለሁ። ጎማዎቹን ዛሬውኑ ይግጠሙ! ይህ ደብዳቤ በእጅዎ በገባበት ሰዓት ይነሡና ግራና ይሂዱ።

የተፈታ መኪና ማንም አይወስደውም ብለዋል። እውነት ነው፣ እማዬንም አይወስዳትም። ይህን እንዴት አላሰቡትም? እንደ ጎሚስታ አሰቡ እንጂ እንደ ወንድሟ አላሰቡም። ይቅር ይበሉኝ፣ እንዲህ ተናግሬዎት አላውቅም።

ፍልሰታ እስኪፈታ አይጠብቁ። ብትቆጣም ትቆጣ፣ ብታለቅስም ታልቅስ፣ ተሸክመው መኪና ውስጥ ያስገቧት። ፈርጄ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ስልኳ ከትናንት ጀምሮ አይጠራም። የእርስዎም፣ የጎረቤቶቹም አይጠራም። ሰለሞን ደሴ መናኸሪያ ቆሞ ወደ መርሳ የሚሄድ ሰው እየፈለገ ነው፤ ሁሉም የሚመጣ እንጂ የሚሄድ የለም ይለኛል።

ዛሬ ሥራ ላይ አንድ ሰው ቸርኬ ሰጥቶኝ “መዝኚው” አለኝ። ሚዛኑ ላይ አስቀምጬው ቁጥሩን ሳላይ ቆሜ ቀረሁ።

እባክዎ አጎቴ። እባክዎ።

ፍሬሕይወት


መርሳ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሕይወት፣

የፍልሰታዋ እመቤት ከፊትሽ ትቅደም። ካንቺ ደብዳቤ ከመጣልኝ ሰንብቷል፤ ጽፈሽም ከሆነ አልደረሰኝም። ይህን በእግራቸው በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ለሚሄዱ አንድ መነኩሴ እሰጣቸዋለሁ። ቆባቸው ውስጥ ይደብቁታል፤ ሰለሞን ፎቶ አንሥቶ ይልክልሽ።

ወልድያ ተይዟል። መድፉ ለእኔ ጆሮ እንኳ ይሰማል። እናትሽ ፍልሰታውን ትታዋለች፤ እንሂድ ብላ ሻንጣዋን በር ላይ አውጥታ ተቀምጣለች። እኔ ነኝ አሁን ጎማ አጥቼ የቆምኩት።

ጎማዎቹን ላመጣ ሄጄ ነበር። አብዱልጀሊልና ሁሪያ ከብቶቻቸውን ነድተው ወደ ላይ ሸሽተዋል። አህዮቹም የሉም። ገለባው ሥር ሁሉም አለ፣ አንድም አልጎደለም። አንዱን በገመድ አሥሬ በጀርባዬ አዘልኩት፣ አንዱን ላንከባልል ብዬ ለቀቅሁት። ቁልቁለቱ ላይ ጥሎኝ ሮጦ ከቁልቋል ሥር ገብቶ ተሸጎጠ። ሳወጣው ውዬ እሾሁ እስካሁን መዳፌ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ በየተራ እየተሸከምኩ፣ አንዱን አስቀምጬ ለሌላው እየተመለስኩ ወረድኩ።

ስስቅበት የነበረውን ያንን የከሰል ቸርኬሽን መንገዱን ሁሉ ሳስበው ነበር። በአንድ እጅ ይነሣል ያልሽውን። ለፍጥነት ነው ስትይ እንደ ቅንጦት ቆጥሬው ነበር። አሁን ቢሰበርም ይሰበር፣ በመዶሻ ባይመለስም አይመለስ፣ ላኪልኝ ብልሽ አያሳፍረኝም። ብረት ይከብዳል ልጄ። ይህን ያህል ዘመን ሳነሣው እንዲህ መክበዱን አላውቅም ነበር።

የፊተኞቹን ሁለት ገጥሜያለሁ። ነገ ለቀሩት እሄዳለሁ። አንቺ ብቻ ጸልዪ።

አጎትሽ ካሳሁን


ሽቱትጋርት፣ ኅዳር 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

ይህን የት እንደምልከው አላውቅም። መነኩሴው ያደረሱት ደብዳቤዎ በመስከረም መጀመሪያ በእጄ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ደሴም ተይዟል። ሰለሞን አዲስ አበባ ገብቶ የሰው ቤት ተጠግቶ ነው፤ ይህንንም አትሞ ከሐምሌው ጋር ያስቀምጥልኛል። ፋንቱ የት እንዳለች አላወቅንም። እግዚአብሔር የት እንዳላችሁ ያውቃል ብዬ እጀምርና ብዕሬን አስቀምጣለሁ።

ነገ ለቀሩት እሄዳለሁ ብለው ነበር። ያ ነገ ምን ሆነ?

ጽሑፌን አስረክቤያለሁ። ውድድር ሜዳ ላይ የሚሮጥ፣ በየዙሩ የሚፈተሽለት፣ ቢሰበር ሌላ የሚገጠምለት መኪና ካርቦን ይገባዋል ብያለሁ። ቀላልነቱን አልካድኩም፤ የነዳው ሰው ወደ ሌላ መመለስ አይፈልግም። ሌላ መኪና የሌለው፣ ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ግን ተጎድቶ የሚያደርሰውን ቸርኬ ይግጠም ብዬ ጨረስኩ። አለቃዬ “ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ለማን ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ሰርዞታል።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሴ ሠራሁ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ በእርስዎ መኪና ልክ የሆነ የብረት ቸርኬ ከነጎማው ገዝቼ መዘንኩ። ለዚያ ልክ ካርቦን ማንም አይሠራም፤ ቢሠራ ስንት እንደሚሆን አሰላሁ። ጎማው ያው ጎማ ነው አጎቴ። የሚቀለው ቸርኬው ብቻ ነው። በትከሻዎ ላይ ይቀልልዎት ነበር፣ ግን አራቱን በአንድ ጊዜ አይሸከሙም ነበር። ሁለት ሁለቱን ይዘው መመላለስዎ አይቀርም ነበር። ደጋግሜ አስልቼዋለሁ፣ ያው ነው የሚመጣው።

እማዬን በሕይወት ካለች እቅፍ ያድርጉልኝ። እንዲህ ብዬ መጻፌን እንዳይነግሯት።

ፍሬሕይወት


መርሳ፣ ጥር 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሕይወት፣

መጽናናትን የሚሰጥ አምላክ ይህ ወረቀት ከመድረሱ በፊት እሱ ይድረስልሽ። እኔ አለሁ። አብዱልጀሊልና ሁሪያም ተመልሰዋል። ሰለሞን ከአዲስ አበባ ሲመጣ የሐምሌውንም የኅዳሩንም ደብዳቤዎችሽን አንድ ላይ ሰጠኝ። ጎማዎቹን ይግጠሙ ብለሽ የጻፍሽልኝን ያነበብኩት ጥር ውስጥ ነው።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሴቶቹ ከጎን ይዘውሽ ነው የሚነገረው። እዚያ አገር ማን እንዳለሽ አላውቅም። ደውዬ እንዳላረዳሽ ጆሮዬ ያንቺን ለቅሶ አይሰማም፤ አልቅሰሽ ሳልሰማሽ ስልኩን መዝጋት አልሆንልህ አለኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ብቻሽን አታንብቢ። የአገር ልጅ ካለሽ ጥሪ፣ ከሌለሽ ፈረንጅም ቢሆን ሰው ነውና አጠገብሽ አስቀምጪ። አደራ።

እናትሽ አርፋለች።

ያ ነገ እንዲህ ሆነ። ሄጄ ሦስተኛውን ይዤ ተመለስኩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማምጣት አቃተኝ። በሚቀጥለው ቀን አራተኛውን አመጣሁ። ገጠምኩ፣ ቡሎኑን አጠበቅሁ፣ ሻንጣዋን ከኋላ ጫንኩ። ክሪኩን ሳወርድ የታጠቁ ሰዎች አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩኝ ነበር። ጆሮዬ ሲመጡ አልሰማም። አንደኛው “ጎበዝ ነህ አባት” አለኝና ቁልፉን ተቀበለኝ። ሌላው ልጅ ሻንጣዋን አውርዶ በእጇ ሰጣት፤ “ይቅርታ እናቴ” አላት። ዲኤክሷ አንድም ሳትንገጫገጭ ሄደች፤ ደህና አድርጌ ነበር የገጠምኩት።

ኢንሱሊኑ እስከ ጳጉሜን አደረሳት። ቁስሉ ወደ ላይ ሲወጣ ሰፈርተኛው በቃሬዛ ተሸክሟት ወልድያ ገባን። መድኃኒት ያለበት ቤት ዞረን አጣን። የመስቀል ማግስት ይዘናት ስንመለስ መንገድ ላይ አረፈች። ፍትሐቱ ባጭሩ ሆነ፣ ተዝካሯን ግን አብዱልጀሊል በሬውን አምጥቶ ባለፈው ሳምንት አውጥተንላታል።

እርም አውጪ ልጄ። ቤት ዘግተሽ አትቀመጪ።

አጎትሽ ካሳሁን


ሽቱትጋርት፣ ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ካሳሁን፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ለእርስዎም እህትዎ ናት፣ ይህን ለእርስዎ የሚልልዎት ሰው እንዳለ አላውቅም።

ብቻሽን አታንብቢ ያሉኝን ብቻዬን አነበብኩት። የምጠራው ሰው አሰብኩ፣ አንድም አልመጣልኝ። ፋብሪካው ውስጥ ብረቱን የምንጥልበት ክፍል ድምፅ ስለማያስወጣ እዚያ ገብቼ አለቀስኩ።

ልዋሽዎት አልችልም አጎቴ። ጎማዎቹን ባይፈቱ ኖሮ እላለሁ። ቀጥዬ ደግሞ ባይፈቱም ኖሮ መኪናው ቀድሞ ይወሰድ ነበር እላለሁ። ከዚያ ተመልሼ ሐምሌ ላይ ቢያወጧት ኖሮ እላለሁ፣ ይህኛው ላይ ስደርስ በእርስዎ እቆጣለሁ። በእሷም በፍልሰታዋም እቆጣለሁ። በራሴም እቆጣለሁ፤ እናንተ ዘንድ ሰው ሲፈናቀል እኔ የቸርኬ ክብደት ሳወራ ነበር። መድኃኒቷ አዲስ አበባ ሰው ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ እስካሁን አለ። ምን ላድርገው ብለው ይጠይቁኛል።

ለጥቂት ጊዜ ባልጽፍ አይቀየሙኝ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ። መንገድ ላይ አረፈች ብለዋል። ምን አለች?

ፍሬሕይወት


መርሳ፣ የካቲት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሕይወት፣

አምላክ ልብሽን ይጠግነው። አልቀየምሽም። ብትቆጪብኝ ደስ ይለኛል፤ እዚህ ሰው ሁሉ አይዞህ ይለኛል እንጂ የሚቆጣኝ አጥቻለሁ።

ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ብለሻል። ጆሮዬ ስለማይሰማ መንገዱን ሁሉ ከራስጌዋ ጎን ነበርኩ፣ ስትናገር ከንፈሯን አያለሁ። ከወልድያ ስንወጣ ረፋድ ላይ ነበር። ተሸካሚዎቹ በአስፋልቱ ላይ እርምጃቸውን አስተካክለው ሲሄዱ ቃሬዛው ወዲያና ወዲህ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ትኩሳቷ በርትቶ ነበር። ዓይኗን ገልጣ “ዛሬስ መኪናዋ ለስልሳለች፣ ጎማውን ምን አደረግኸው?” አለችኝ።

“አስተካክዬው ነው” አልኳት።

ቀጥላ “መርሳን አለፍን?” አለች። በዲኤክሷ ደሴ የምንሄድ መስሏት ነው፤ መርሳ ገና አልደረስንም ነበር። አልፈናል አልኳት። “ውርጌሳንስ?” አለች። እሱንም አልፈናል አልኳት። ተሸካሚዎቹ ይሰሙኛል፣ ማንም ዞሮ አላየኝም።

ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና “እንግዲያው ትንሽ ልተኛ፣ ሐይቅ ስንደርስ ቀስቅሰኝ፣ ውሃውን ልይ” አለችኝ።

እሺ አልኳት።

አጎትሽ ካሳሁን